«ዝናብማ አልነበረም፤ ውሃ ነው የመጣው»፦ ስለ አንድ የሐምሌ ቅዳሜና እሁድ የአየር ሁኔታ መግለጫ የጉዳይ ጥናት

መነሻ

ይህ ጽሑፍ ከጥቂት ዓመታት በፊት በሐምሌ መጨረሻ፣ መሃል አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት የስምሪት ክፍል ውስጥ ያጋጠመን ጉዳይ ይዘግባል። የድርጅቱም ሆነ የሰዎቹ ስም አልተጠቀሰም። በወቅቱ ዓርብ ዓርብ ለሾፌሮች የሚታደለውን የአየር ሁኔታ ወረቀት የማዘጋጀው እኔ ስለነበርኩ፣ ከዚህ በታች ከሚነሱት ስህተቶች አብዛኞቹ የእኔው ናቸው። በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት አልነበረም፤ የጠፋው ሲሚንቶ፣ ድንችና ሁለት የሥራ ቀን ነው። ጉዳዩን መመዝገብ ያስፈለገው ኪሳራው ከፍተኛ ስለነበረ ሳይሆን፣ ሦስት የተለያዩ ስህተቶች ከአንድ ገጽ ወረቀት በመውጣታቸው ነው። ከሦስቱ በከፋው ደግሞ፣ ሾፌሩን ሊያድነው ይችል የነበረው መረጃ እዚያው ወረቀት ላይ፣ ግን በሌላ መንገድ ርዕስ ሥር ተጽፎ ተገኝቷል።

ዳራ

ቢሮው ከለገሃር ወደ ስታዲየም በሚወስደው መንገድ አካባቢ፣ አንድ ያረጀ ፎቅ ሦስተኛ ደርብ ላይ ነበር። ድርጅቱ አሥራ ሰባት የጭነት መኪኖች ነበሩት፤ አብዛኞቹ አይሱዙዎች ናቸው። ስምሪቱ በአራት መንገዶች ነበር፦ በምሥራቅ በአዳማና በአዋሽ በኩል ወደ ሚሌና ሰመራ፣ በሰሜን በደብረ ብርሃንና በደብረ ሲና በኩል ወደ ኮምቦልቻና ደሴ፣ በሰሜን ምዕራብ በጎሃ ጽዮንና በደጀን በኩል ወደ ባሕር ዳር፣ በደቡብ በሻሸመኔና በዲላ በኩል ወደ ያቤሎና ሞያሌ።

እነዚህ መንገዶች በአንድ ቀን ውስጥ ምን ያህል የተለያየ አየር ውስጥ እንደሚያልፉ ለማየት ከፍታቸውን ብቻ መመልከት ይበቃል። ቢሯችን ያለበት መሃል ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ይጠጋል፤ ከደብረ ሲና በላይ ያለው የጣርማ በር አናት ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሰመራ ደግሞ ከ500 ሜትር በታች ነው። ጣርማ በር ላይ ጃኬት የደረበ ሾፌርና ሚሌ ላይ ሸሚዙን ያወለቀ ሾፌር በአንድ ቅዳሜ ከአንድ ግቢ የወጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ወደ 1.1 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ለሚሰፋ አገር «በአብዛኛው የሀገሪቱ ክፍል ዝናብ ይጠበቃል» የሚል ዓረፍተ ነገር በሐምሌ ወር ሁልጊዜ እውነት ነው፤ ለአንድ ሾፌር ግን ሁልጊዜ ጥቅም አይሰጥም።

ቅዳሜና እሁድ ከሌሎቹ ቀናት የሚለየው በሰማዩ ሳይሆን በእኛ አሠራር ነበር። ቢሮው ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ተዘግቶ ሰኞ ጠዋት ይከፈታል። ሾፌሮቹ ከተማው ሳይጨናነቅ ለመውጣት ቅዳሜን ይመርጣሉ፤ ደንበኞችም ዕቃቸው ለሰኞ ገበያ እንዲደርስላቸው ይፈልጋሉ። በመሆኑም ዓርብ ከሰዓት በኋላ የተጻፈው ወረቀት፣ የሚያርመውና የሚያድሰው ሰው ሳይኖር ሦስት ሌሊት መቆየት ነበረበት።

የመረጃ ምንጫችን በዋናነት የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ቀድሞ ብሔራዊ ሚቲዎሮሎጂ ኤጀንሲ ይባል የነበረው ተቋም፣ የሚያወጣቸው የዕለት፣ የአሥር ቀን፣ የወርና የወቅት ትንበያዎች ነበሩ። የተቋሙ መግለጫዎች ዞኖችን በስም እየጠሩ፣ «በጥቂት ቦታዎች»፣ «በአብዛኛው»፣ «ነጎድጓድ የቀላቀለ» እያሉ በጥንቃቄ የሚጻፉ ናቸው፤ «ከባድ ዝናብ» ሲሉም በ24 ሰዓት ውስጥ 30 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚመዘገበውን ማለታቸው ነው። የእኔ ሥራ ይህን አንድ ገጽ በማይሞላ ወረቀት ማሳጠር ነበር። አንዳንድ ሾፌሮች በስልካቸው ላይ የሚመጣውን የደመናና የመብረቅ ሥዕል ያዩ ነበር፤ ሥዕሉ ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ስለማይለወጥ ከጥቂት ቀናት በኋላ ማንም አያየውም።

የዚያ ዓርብ ወረቀት

ወረቀቱ አራት መስመር ነበረው። ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦ «ሰሜን፦ በሰሜን ሸዋና በደቡብ ወሎ ከባድ ዝናብ፣ ጭጋግ፤ ጥንቃቄ ይደረግ። ሰሜን ምዕራብ፦ ከባድ ዝናብ፣ ነጎድጓድ። ምሥራቅ፦ ሞቃት፣ ደረቅ፤ ዝናብ አይጠበቅም። ደቡብ፦ የክረምት ዝናብ።»

ሥራ አስኪያጁ ይህን አንብበው ወደ ባሕር ዳር ሊሄዱ የነበሩትን ሁለት መኪኖች እስከ ሰኞ አቆሟቸው፤ የደሴው መኪና እንዲሄድ ተፈቀደለት፤ ሻሸመኔ ላይ ድንች ጭኖ ወደ ሞያሌ የሚወርደው ሾፌር ጭነቱን በላስቲክና በሸራ ጥርቅም አድርጎ እንዲሸፍን ተነገረው፤ ወደ አፋር ሲሚንቶ የጫኑት ሁለት አይሱዙዎች ደግሞ ምንም ሳይባሉ ወጡ። የተጨነቅነው ለሰሜኑ ነበር። የሰሜኑ መኪና ጣርማ በር ላይ በጭጋግ ምክንያት መብራት አብርቶ ቀስ እያለ ከማለፉ በቀር ምንም አልገጠመውም።

የተከሰተው

የደቡቡ ነገር አጭር ነው። ሾፌሩ እስከ ቡሌ ሆራ ድረስ ካፊያ ሲከተለው ቆየ፤ ከዚያ ወደ ያቤሎ ሲወርድ ሰማዩ ደመናማ፣ ነፋሱ ቀዝቃዛ፣ መንገዱ ግን አቧራ ነበር። ወረቀቱ «የክረምት ዝናብ» ስለሚል ሸራውን አልገለጠም። ሁለት ቀን ታፍኖ የቆየው ድንች ከሥር አልቦ፣ ሞያሌ ሲደርስ ታችኛው ድርድር ሸትቷል። በቦረና ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሁለተኛው ደግሞ በመኸር ወራት እንደሚጥል፣ ሐምሌና ነሐሴ የአካባቢው ሰው አዶሌሳ የሚለው ቀዝቃዛና ደረቅ ወቅት መሆኑን ማንኛውም የቦረና ልጅ ያውቃል። በክረምት የዝናብ ቀበቶው ወደ ሰሜን ስለሚወጣ ደቡቡን ጥሎት ይሄዳል። እኔ ግን አዲስ አበባ ተቀምጬ፣ በመስኮት ዶፉን እያየሁ፣ ክረምት ለሁሉም ክረምት መሰለኝ። የተቋሙ መግለጫ ስለ ቦረና ዝናብ አንድም ቃል አልነበረውም፤ ክፍተቱን የሞላሁት ከራሴ ነው።

በሰሜን ምዕራብ የጠፋው ጊዜ ነው። ዝናቡ እንደተባለው ቅዳሜም እሁድም ጥሏል፤ ደጀን ያለ አንድ የምናውቀው ሰው እንደነገረን ግን ሁለቱንም ቀን የጀመረው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነበር። ከለገሃር ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የተነሳ መኪና መንገዱ ካልዘጋው ከረፋዱ አምስት ሰዓት በፊት የዓባይን በረሃ ወርዶ ደጀን ይወጣል። በደጋው ክረምት ብዙውን ጊዜ ጠዋት ፀሐይ ትወጣለች፣ መሬቱ ይሞቃል፣ ደመናው እኩለ ቀን ላይ ይቆለላል፣ ዶፉ ከሰዓት በኋላ ይወርዳል። ይህን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም፤ በሐምሌ ልብሱን ጠዋት አጥቦ እኩለ ቀን ሳይሞላ የሚያስገባው ለዚህ ነው። ወረቀቱ ግን «ከባድ ዝናብ» ብቻ ይል ነበር፤ ስንት ሰዓት ላይ የሚለውን አይልም። የሌላ ድርጅት መኪኖች አልፈው ሲሄዱ የእኛዎቹ ሁለት ቀን ግቢ ውስጥ ቆሙ።

ወደ ምሥራቁ ጉዳይ ስንመጣ፣ ከሁለቱ ሾፌሮች አንዱ በዕድሜ ጠና ያለ፣ ለብዙ ዓመታት በጅማ መስመር የሠራ፣ ለአፋሩ መንገድ ግን አዲስ የሆነ ሰው ነበር። ሲሚንቶው የሚራገፈው ከገዋኔ ወዲያ፣ ከዋናው አስፋልት ወጣ ብሎ በፒስታ መንገድ በሚደረስበት የግንባታ ቦታ ነው። ቅዳሜ ሊመሽ ሲል ከአስፋልቱ ከወጡ በኋላ መንገዱ አንድ ደረቅ ወንዝ ያቋርጣል። ውሃ የለም፤ ነጭ አሸዋና ከባለፈው ጊዜ የቀረ እንጨት ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ በሙቀት ስለተቃጠሉ፣ የወንዙ ዳር ደግሞ የግራር ጥላና ቀዝቃዛ አሸዋ ስላለው፣ የእኛ ሾፌር መኪናውን ወደ አሸዋው ዝቅ አድርጎ አቆመና ረዳቱ ከካሶኒው ሥር ካርቶን አንጥፎ ተኛ። ሁለተኛው ሾፌር ጎማዬ አሸዋ ውስጥ ይሰምጣል ብሎ ፈርቶ ከፍ ባለው ዳር ላይ ቆመ። ያዳነው ይኸው ነው እንጂ ስለ ጎርፍ አስቦ አልነበረም።

ረዳቱ በኋላ እንደተናገረው፣ ከመተኛቱ በፊት በስተ ምዕራብ፣ ከተራራው ወገን መብረቅ ሲብለጨለጭ አይቷል፤ ድምፁ ግን አይሰማም ነበር። በላያቸው ሰማዩ በኮከብ ሞልቷል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ገደማ ረዳቱን የቀሰቀሰው ዝናብ ሳይሆን ከጀርባው ሥር የረጠበው ካርቶን ነው። ተነስቶ እጁን አሸዋው ላይ ሲያደርግ ውሃ ነካ፤ ወዲያው ከላይ በኩል ከባድ መኪና የሚመጣ የሚመስል ጉርምርምታ ሰማ። ሾፌሩን ጠርቶ ሁለቱም ዳሩን ወጡ። ውሃው ቡናማ ነበር፣ ቅርንጫፍና የደረቀ ቆሻሻ ከፊቱ እየገፋ መጣ፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እስከ ጎማው ግማሽ፣ ቀጥሎ እስከ ካሶኒው ወለል ደረሰ። ሲነጋ፣ አንድ ሰዓት ላይ፣ ወንዙ ተመልሶ ጉልበት የማይደርስ ፈሳሽ ሆኖ ነበር። መኪናው ግን አሸዋው ውስጥ ስለሰመጠ ከግንባታው ቦታ በመጣ ስካቫተር ነው የወጣው። ከታችኛው ድርድር 62 ከረጢት ሲሚንቶ ድንጋይ ሆኖ ቀረ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሾፌሩ ቢሮ መጣና አራት ቦታ የታጠፈውን የዓርቡን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። አንዱ ማዕዘኑ ጭቃ ይዟል። አልተቆጣም። «ልጄ፣ ዝናብ የለም ብላችሁ ጻፋችሁ። ዝናብማ አልነበረም፤ ውሃ ነው የመጣው» አለኝ። «ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ከማለት በቀር የምመልሰው አልነበረኝም፤ ጥፋቱ በትክክል የቱ ጋ እንደሆነ ግን ያን ዕለት ገና አልገባኝም ነበር።

ስህተቱ የት ነበር

በመጀመሪያ የጠረጠርነው ትንበያውን ነው። የተቋሙን መግለጫ መልሰን ስናነበው ግን ምንም አልተሳሳተም፤ አፋር ላይ ጉልህ ዝናብ አይጠበቅም ብሏል፣ አልዘነበም። በሰሜን ሸዋና በደቡብ ወሎ ከባድ ዝናብ ይጠበቃል ብሏል፣ ዘንቧል። ይህንንም ለማረጋገጥ ስንሞክር አንድ ነገር አሳስቶን ነበር፤ በደጋው ቅዳሜ ተመዘገበ የተባለው ዝናብ ትንሽ ነበር። ነገሩ የገባን የዝናብ መለኪያ የሚነበበው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መሆኑንና ያ ንባብ የሚያሳየው ያለፉትን 24 ሰዓታት ዝናብ መሆኑን ስናውቅ ነው። ቅዳሜ ማታ የጣለው ዶፍ የሚገኘው እሁድ ጠዋት በተነበበው ቁጥር ውስጥ ነው። በቀን ስም ብቻ የሚፈልግ ሰው ትክክለኛውን ዝናብ በተሳሳተ ቀን ይፈልጋል።

ከዚያ በኋላ ወደ ግድግዳው ካርታ ሄድን። ከደብረ ብርሃን እስከ ደሴ የሚዘልቀው ደጋ ምሥራቃዊ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ወደ አፋር ሜዳ ይወርዳል። ከሰሜን ሸዋ ከሰም፣ ከኮምቦልቻ በኩል ቦርከና፣ ከወሎ ተራሮች ሚሌና ሎጊያ፣ በመካከላቸውም ስማቸው ካርታ ላይ የሌለ ብዙ ደረቅ ወንዞች ወደ አዋሽ ሸለቆ ይፈስሳሉ። እኔ በወረቀቱ ላይ «ሰሜን» ብዬ ለደሴው ሾፌር የጻፍኩት ዝናብና «ምሥራቅ» ብዬ ለአፋሩ ሾፌር ደረቅ ያልኩት ሜዳ የአንድ ወንዝ ላይና ታች ናቸው። የአፋሩ ሾፌር የደሴውን መስመር የሚያነብበት ምክንያት አልነበረውም፤ እኔም እንዲያነብ አልነገርኩትም።

ይህ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት፣ ያውም ከቅዳሜ ወደ እሁድ፣ ድሬዳዋን የመታውና ከ200 በላይ ሰው የገደለው ጎርፍ፣ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ብቻ ሆኖ በሚከርመው የደቻቱ ወንዝ፣ ከከተማዋ በስተ ደቡብ ካሉት ተራሮች የወረደ ነው። ከሳምንት ገደማ በኋላ የኦሞ ወንዝ በታችኛው ሸለቆ ከ300 በላይ ሰው ሲፈጅ፣ ውሃው የመጣው ከሩቅ ደጋ ነበር። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። የማውቀው ግን እንደ ዜና እንጂ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከምጽፈው አራት መስመር ጋር የሚያያዝ ነገር አድርጌ አልነበረም። የሚገርመው፣ ከራሳችን ቢሮ ጣሪያ የሚወርደው ውሃ እንኳ በፍልውሃ በኩል በሚያልፈው ወንዝ አድርጎ አቃቂን፣ ከአቃቂ አዋሽን ይቀላቀላል፤ እኛ ራሳችን የአፋር «ላይ» ነን።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ወረቀቱ ከሥሩ ተቀየረ። በአቅጣጫ መጻፍ ቀርቶ በመንገድ ሆነ፤ በእያንዳንዱ መንገድ ሥር ሾፌሩ የሚያልፋቸው ከተሞች በሚደርስባቸው ቅደም ተከተል ተጻፉ። ለእያንዳንዱ ክፍል ሦስት ነገር ይሞላል፦ ሰማዩ ምን ይመስላል፣ ዝናቡ በስንት ሰዓት ገደማ ይጠበቃል፣ «ከላይ»ስ ምን አለ። «ከላይ» ያልነው፣ ያንን መንገድ የሚያቋርጡት ወንዞች በሚነሱበት ደጋ ላይ ከባድ ዝናብ መጠበቅ አለመጠበቁን ነው።

ይህን ለመሙላት የትኛው ወንዝ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልግ ነበርና፣ ሾፌሮችን አንድ በአንድ ካርታው ፊት እያቆምን ጠየቅን። ሦስት ሳምንት ፈጅቷል፤ ከሥራው ሁሉ ብዙ የተማርኩበትም ይህ ነው። ካርታው በሰማያዊ ነጠብጣብ ያለፈውን፣ ሾፌሮቹ «እሷማ ሰይጣን ናት፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ደመና ካየህ አትሻገራት» ይሉታል። አንዱ ደረቅ ወንዝ ማታ ማታ እንጂ ቀን እንደማይመጣ፣ ሌላው ሲመጣ ቀድሞ ነፋስና የጭቃ ሽታ እንደሚልክ ነገሩን። የውሃውን ሰዓት የሚያውቁት ከደጋው ያለውን ርቀት በልምዳቸው አስልተው ነው፤ ከሰዓት በኋላ ተራራ ላይ የጣለ ዶፍ ሜዳው ጋ ሌሊት ይደርሳል። ከሃያ በላይ መሻገሪያዎች በእርሳስ ተመለከቱ። ሲሚንቶ ያስበላው ሾፌር የጅማውን መስመር፣ በተለይ የግቤን በረሃ፣ እንደዚሁ በቃሉ ይዞት ኖሯል፤ ያስቸገረው እውቀት ማጣት ሳይሆን መንገድ መቀየሩ ነበር።

በተጨማሪ በአራት ቦታ የሚደወልላቸው ሰዎች ተያዙ። ከነሱም አንዷ ደብረ ሲና መንገድ ዳር ሻይ የምትሸጥ ሴት፣ አንዱ ገዋኔ ያለ የነዳጅ ማደያ ቀጂ ናቸው። ለድካማቸው በወር የሞባይል ካርድ ይላክላቸዋል። ቅዳሜ ማታ ሁለት ሰዓት ላይም ከቤቴ ሆኜ አዲሱን የዕለት ትንበያ አንብቤ፣ ለእነዚህ ሰዎች ደውዬ፣ በቴሌግራም አንድ የድምፅ መልእክት ለሾፌሮች እልካለሁ።

በግሌ ደግሞ ጣሪያው ላይ የዝናብ መለኪያ ሠራሁ። የሃይላንድ ፕላስቲክ አናቱን ቆርጬ፣ ያንኑ አናት አፉን ወደ ታች ገልብጬ መልሼ ሰካሁበት፤ ታቹ ወጣ ገባ ስለሆነ ጠጠር ጨምሬ እስከ ዜሮው መስመር በውሃ ሞላሁት፣ ጎኑ ላይ ማስመሪያ ለጠፍኩ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አነበዋለሁ። ለስምሪቱ ምንም ጥቅም የለውም፤ እኔን ግን ልክ አስገብቶኛል። አንድ ቀን ፒያሳ በረዶ ወርዶ መሬቱ ነጭ ሆነ ሲባል፣ በማግስቱ የእኔ መለኪያ ያሳየው ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። በዚህች አጭር ርቀት ይህን ያህል ከተለያየ፣ «ሰሜን ሸዋ» የሚል አንድ ቃል ስንት ነገር እንደሚያዳፍን መገመት አያቅትም።

የሠራውና ያልሠራው

የሰዓቱ አምድ ወዲያውኑ ሠራ። ወደ ባሕር ዳር የሚሄዱ መኪኖች ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት እንዲነሱ ከተደረገ ወዲህ፣ በዚያ ክረምት በዝናብ ምክንያት ግቢ የዋለ መኪና አልነበረም። የድምፅ መልእክቱም ከተጻፈው ይልቅ ተደመጠ፤ ሾፌር እየነዳ አያነብም፣ ሲቆምም ረጅም ጽሑፍ አያነብም። ከሁሉ በላይ የጠቀመችን የሻይ ሻጯ ናት፤ «ጣርማ በር አሁን አይታይም» የምትለው በየትኛውም ትንበያ ውስጥ አይገኝም።

በመቶኛ መጻፍ ግን አልሠራም። አንድ ሰሞን «የዝናብ ዕድል 60 ከመቶ» ብዬ ሞክሬ ነበር። ሾፌሩ «ታዲያ ይዘንባል ወይስ አይዘንብም?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እሱ የሚወስነው ሸራ ይልበስ አይልበስ፣ ይደር አይደር ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ትተን «ሸራ ይዘህ ውጣ፣ ያቤሎ ስትደርስ ግለጠው» ወደሚል አጻጻፍ ተመለስን።

«ከላይ» የሚለው አምድ ደግሞ ከራሱ ብዛት የተነሳ ሊከሽፍ ነበር። ከነሐሴ ጀምሮ ለአምስት ተከታታይ ሳምንት የአፋሩ መንገድ «ከላይ፦ አዎ» የሚል ወጣበት። በሦስተኛው ሳምንት ሾፌሮቹ እርስ በርስ ሲገናኙ «ከላይ እንዴት ነው?» «አዎ!» እየተባባሉ ይሳሳቁ ጀመር። አንደኛው በማስጠንቀቂያው ምክንያት ከመሻገሪያው በፊት አድሮ ግማሽ ቀን ከሰረ፣ ወንዙም አልመጣም፤ ሰኞ ዕለት ብሶቱን አሰምቶናል። ሥራ አስኪያጁ አምዱ ይቅር አሉ። ተከራክረን የደረስንበት መፍትሔ፣ በየሳምንቱ እውነት የሆነውን ነገር ከትንበያው አውጥተን ቋሚ ደንብ ማድረግ ነው፦ ከሐምሌ መግቢያ እስከ መስከረም አጋማሽ ማንም መኪና ደረቅ ወንዝ ውስጥም ሆነ ዳር አያድርም። ይህ በወረቀት ላይ አይጻፍም፣ ከመኪናው ቁልፍ ጋር ይነገራል። አምዱ «አዎ» የሚለው ከዚያ በላይ የሆነ ነገር ሲኖር፣ ማለትም ከባድ ዝናብ ለተከታታይ ቀናት ሲጠበቅ ብቻ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ቃሉ ሲወጣ ይሰማል።

ኔትወርክ በሌለበት ቦታ የድምፅ መልእክቱ አይደርስም። ይህን የፈታነው በከፊል ነው፤ ሾፌሩ ከአስፋልት ከመውጣቱ በፊት ገዋኔ ላይ ቆሞ መልእክቱን እንዲያዳምጥ ተስማምተናል።

ለሌሎች የሚሆን

ለጉዞ፣ ለሠርግ፣ ለቀብር ወይም ለገበያ የቅዳሜና እሁድ መግለጫ የሚያዘጋጅ ሰው፣ በሬዲዮም ይሁን በቢሮ፣ ከዚህ ጉዳይ የሚወስደው ነገር ቢኖር መጀመሪያ የማሳጠር አደጋ ይመስለኛል። ሰፊ መግለጫ ሲያጥር መጀመሪያ የሚወድቁት ቃላት «በጥቂት ቦታዎች»፣ «ከሰዓት በኋላ»፣ «በደጋማው ክፍል» የሚሉት ናቸው፤ አድማጩ የሚፈልገው ግን እነሱን ነው። ሁለተኛው፣ ዝም የተባለለትን ቦታ በራስ ግምት አለመሙላት ነው፤ መግለጫው ስለ ቦረና ዝም ካለ፣ ዝምታው ራሱ ሊነበብ የሚገባው መረጃ ነው።

ሦስተኛውን ደጋግሜ ብናገረው አይሰለቸኝም። በዚህ አገር የአስተዳደር ወሰንና የውሃ ወሰን አይገጥሙም። መግለጫን በክልልና በዞን ማደራጀት ለሚያነበው ሰው ቦታውን ለማግኘት ይመቸዋል፤ ከጎርፍ የሚጠብቀው ግን ከእሱ በላይ ያለው ዞን ነው። ቆላ ላይ ላለ ሰው «ሰማዩ ጥሩ ነው» የሚል መግለጫ፣ የላይኛው ደጋ ተመልክቶ ካልተጻፈ በከፊል የተጻፈ ነው። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው አንድ ካርታ፣ አንድ እርሳስና መንገዱን የሚያውቁ ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እኛ ያለን ከዚህ የበለጠ አልነበረም።

ያልተፈታው

እሁድ ማታ እስካሁን ክፍት ነው። ዓርብ ስለ እሁድ የሚባለው ስለ ቅዳሜ ከሚባለው ይልቅ ሁልጊዜ ይደክማል፤ የቅዳሜ ማታው መልእክት እሁድን ያነሳዋል፤ እሁድ ማታ ለሰኞ ንጋት የሚነሳውን ግን የሚያስብለት የለም። እኔም እሁድ ማታ ስልኬን እዘጋለሁ፤ ሰው ነኝ።

ሌላው አዲስ የሚቀጠሩ ሾፌሮች ጉዳይ ነው። ሲሚንቶው የረጠበበት ሾፌር ዛሬ ወረቀቱን ሲቀበል መጀመሪያ የሚያነበው የራሱን መንገድ ሳይሆን የደሴውን ነው፤ አይቶት «ዛሬ ላይኛው ቤት ይዘንባል» ይልና አጥፎ ኪሱ ይከታል። አዲሶቹ ግን እንደማንኛውም ሰው የራሳቸውን መስመር ብቻ አንብበው ይወጣሉ። ለጊዜው የደሴውን መስመር ከአፋሩ ሥር ደግመን እናትመዋለን፤ ወረቀቱም ከአንድ ገጽ አልፎ ወደ ጀርባው ዞሯል፣ ጀርባውን ደግሞ ስንቱ እንደሚያነበው ገና እየቆጠርን ነው።